ከስልሳ ሺህ ዙር በላይ

ጄቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እንጦጦ ያወጣነው ዕለት መንገደኛው ሁሉ ቀብር መሰለው። ጥፋቱ የእኔ ነው። ክንፎቹን ነቅለን ለብቻ አስቀመጥንና፣ ሁለት ሜትር ተኩል የሚሆነውን ገላውን ከጎረቤት በተዋስነው ፒክአፕ ላይ አጋደምነው። አቧራ እንዳይነካው ብዬ በእናቴ ነጭ ነጠላ ጠቅልዬ በገመድ አሰርኩት። እኔ ስነዳ አባቴ ከኋላ ቁጭ ብሎ፣ እንዳይንከባለል በሁለት እጁ ደግፎታል፤ ፊቱም እንደ ወትሮው ኮስተር ያለ ነው። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱን ስንያያዘው አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። ትንሽ አለፍ እንዳልን ሁለት ሴቶች ደረታቸውን መታ መታ አደረጉ። ከኋላችን የነበረው ሚኒባስ ጥሩምባውን ተወና፣ ሊቀድመን ሲችል ሳይቀድመን፣ ቀስ ብሎ አጀበን። በሕይወቴ ሚኒባስ እንዲህ ሲያከብረኝ አይቼ አላውቅም።

እንጦጦ ማርያም አጠገብ ቆም ስንል አንድ ሰው ወደ አባቴ ጠጋ ብሎ «እግዚአብሔር ያጽናዎት ጋሼ፣ ማንዎት ናቸው?» አለው። አባቴ «የሞተ የለም፣ ጄት ነው» ብሎ መለሰለት። ሰውየው ከዚህ መልስ ይልቅ ቀብሩን ማመን የቀለለው ይመስለኛል፤ አማትቦ ሄደ።

«ሁለተኛ ነጭ እንዳታለብሰው» አለኝ አባቴ ስንመለስ። ከዚያ በኋላ አበባ ባለበት የአልጋ ልብስ ነው የተጓዘው።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የአውሮፕላን ሞተር ሲፈታና ሲገጥም የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ሲወጣ ምን እንደጎዳው ልንገራችሁ፤ የሚጠይቀው ሰው ጠፋ። «ና እስቲ፣ ይኼ ሞተር ምን ሆኖ ነው?» እየተባለ ሲጠራ የኖረ ሰው፣ ቤት ሲውል የሚቀርብለት ጥያቄ «ምሳ ላቅርብ?» ብቻ ሆነ። ወንበሩን በረንዳ ላይ አወጣና ሁለት ክረምት እዚያው ተቀምጦ አሳለፈ። ጺሙን መላጨትም ተወ። እኔ ደግሞ ቢሮ ውዬ፣ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጬ የምገባ ሰው ነኝ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ግን በሞዴል አውሮፕላን የተለከፍኩ ነኝ። በባትሪ የሚሠሩትን ትንንሾቹን አብርሬ፣ ሰባብሬ ስጨርስ፣ እውነተኛ የጄት ሞተር ያለው ትልቅ ሞዴል ካልሠራሁ ብዬ ተነሳሁ።

ሞተሩ ከውጭ አገር በሰው እጅ መጣ። የቴርሞስ ያህል ነው። ቢሆንም እንደ ትልቁ ሁሉ አየር በፊቱ ስቦ፣ ላምባ አቃጥሎ፣ በደቂቃ ከመቶ ሺህ ዙር በላይ የሚሽከረከር እውነተኛ ተርባይን ነው። ወስጄ አባቴ እጅ ላይ አስቀመጥኩለት። ሲያገላብጠው ቆየና «መጫወቻ ነው» ብሎ መለሰልኝ። በማግስቱ ጠዋት ጺሙን ተላጭቶ፣ የድሮ ቱታውን ለብሶ፣ ሰርቪስ ቤቱ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት።

«የት ነው መፍቻህ?» አለኝ።

ከዚያ ጠዋት ወዲህ ለእኔ የጄቱ መብረር ሁለተኛ ነገር ሆነ። ዋናው የአባቴ ተላጭቶ መነሳት ነበር። ይህ ሰው ተመልሶ ያ ወንበር ላይ እንዳይቀመጥ ብዬ ነው ሌላውን ሁሉ ያደረግሁት፤ የተሳሳትኩትንም ጭምር።

አባቴ መጀመሪያ የገዛው ነገር ደብተር ነው። ሰማያዊ ሽፋን ያለው የተማሪ ደብተር ገዝቶ፣ ገጹን በማስመሪያ ሦስት ቦታ ከፈለው፤ ጉድለት፣ የተወሰደ እርምጃ፣ ፊርማ። ሕጉን ሲነግረኝ እንደ ምልምል ወታደር ቆሜ ሰማሁ። እዚህ ያልተጻፈ ሥራ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። እዚህ ውሸት አይጻፍም። የተሳሳተ ነገር ከተጻፈ አይፋቅም፤ በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ ከሥሩ ያለው ይነበባል። ተቆጣጣሪ ያልፈረመበት አውሮፕላን ደግሞ አይነሳም።

«ፈራሚው ማን ነው?» አልኩት።

«ይኼንንም ትጠይቃለህ?» አለኝ።

አሥር ወር ሠራን። የእናቴ ልብስ ማስጫ ገመድ ላምባ ላምባ ሸተተ። ክንፎቹ የምግብ ጠረጴዛውን ስለወረሱት ሰሃን ጭናችን ላይ አድርገን በላን። አባቴ እያንዳንዷን ብሎን እንደ ትልቁ አውሮፕላን በሽቦ ካላሰርናት ሞቼ እገኛለሁ አለ፤ እኔ ክብደት ይጨምራል ብዬ ጮህኩ፤ እሱም ጮኸ፤ እናቴ ሁለታችንንም ከሰርቪስ ቤቱ አስወጥታ በሩን ቆለፈችብን። እንደ ልጅ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ይቅርታ ጠየቅናት። ብሎኖቹ በሽቦ ታሰሩ።

ሞተሩን የምንሞክረው እንጦጦ ላይ፣ ከባህር ዛፉ ወዲያ፣ አባቴ ከሚያውቃቸው አንድ ገበሬ ማሳ ዳር ነበር። ጄቱን በገመድ ከግንድ ጋር እናስረዋለን። እኔ መቆጣጠሪያውን ይዤ ከኋላ እቆማለሁ፤ አባቴ ከጎኑ። ትልቅ የጆሮ መከላከያ ገዝቼ ነበር፤ ሁለት ገዛሁ፣ አንዱን ለእሱ። የራሱን መልሶ ሳጥኑ ውስጥ ከተተው። «የኔ ጆሮ ለምዶታል፤ ደግሞ ሞተር የሚታወቀው በጆሮ ነው። አንተ ግን ሳታደርግ እንዳትቆም» አለኝ። መከላከያው ሲደረግ ከዓለም ድምፅ የሚተርፈው የራስ ትንፋሽ ብቻ ስለሆነ በእጅ ምልክት ተስማማን። አውራ ጣት ሲነሳ ጨምር፣ ጡጫ ሲሆን ዝጋ።

መጀመሪያ ላይ ሞተሩ ጨርሶ እንቢ አለ። እንጦጦ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ እሳቱ ገና ሳይያያዝ ነዳጁ ይበዛበትና ይታነቃል። አባቴ ነዳጁ ቀስ ብሎ እንዲገባ አስደረገኝና ሞተሩ ተነሳ። ከዚያ ደግሞ ሦስት ደቂቃ ሠርቶ ፀጥ ማለት ጀመረ። እኔ በስክሪኑ ላይ ቁጥር ስፈልግ አባቴ በርከክ ብሎ የነዳጅ ቱቦዋን እያየ «አየር ይስባል» አለ። የሳሙና አረፋ በጣቱ እየቀባ እያንዳንዷን መገጣጠሚያ ፈተሸና፣ ከጤፍ የማትበልጥ ቀዳዳ አገኘ። እኔ ዓመት ብቀመጥ የማላገኛት ነበረች። ያን ቀን ስንወርድ ዘፈነ። ከዚያ በፊት አባቴ ሲዘፍን የሰማሁት አንድ የዘመድ ሠርግ ላይ ብቻ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ጉድለት ግን አራት ወር በላን።

የተርባይን ሞተር ሁለት ድምፅ አለው። አንዱ ከኋላው የሚወጣው ጉርምርምታ ነው። ሌላው ከፊቱ፣ አየር ከሚስብበት በኩል የሚሰማው ቀጭን ፉጨት ነው፤ ሞተሩ በፈጠነ ቁጥር ፉጨቱ እየቀጠነ ወደ ላይ ይወጣል። አባቴ የሞተር ጤና ያለው ፉጨቱ ላይ ነው ይላል። ሞተሩን ቀስ እያደረግሁ ስጨምር አባቴ አውራ ጣቱን እንዳነሳ ይቆይና፣ ስልሳ ሺህ ዙር አካባቢ ስደርስ ፊቱ ይጠቁራል፣ ጡጫው ይወጣል። እዘጋለሁ። መከላከያዬን ሳወልቅ «ፉጨቱ ጠፋ። ጉርምርምታው አለ፣ ፉጨቱ የለም። ይኼ ሞተር ከዚህ በላይ ቢሄድ ውስጡ ይበላል» ይለኛል። ስክሪኑ ላይ ሙቀቱም ዙሩም ደህና ነበር። ይህን ስነግረው «ስክሪን ምን ያውቃል?» አለኝ። እኔም አመንኩት። ጤፍ የምታህል ቀዳዳ ያገኘ ሰው ነዋ!

የአየር መሳቢያውን ቀዳዳ አሰፋን። ማጣሪያውን ቀየርን። ፓምፑን ቀየርን። ፉጨቱ ስልሳ ሺህ ላይ መጥፋቱን ቀጠለ። በመጨረሻ ሞተሩን ወደ ሠሪዎቹ በሰው እጅ መልሰን ላክነው። ከስድስት ሳምንት በኋላ ምንም ችግር አላገኘንበትም ከሚል ወረቀት ጋር ተመለሰ። አባቴ ወረቀቱን መነጽሩን አድርጎ ሁለቴ አነበበና ሳቀ። «ስክሪን ነው ያዩት። አላዳመጡትም።»

አንድ ቅዳሜ መከላከያዬን አልጋ ላይ ረስቼው ወጣሁ። ማሳው ጋ ደርሰን ጄቱን ካሰርን በኋላ ነው ትዝ ያለኝ። ብነግረው ወደ ቤት እንመለስ እንደሚል አውቃለሁ። ስለዚህ ዞር ብዬ ሶፍት በምራቄ አርጥቤ ጆሮዬ ውስጥ ወተፍኩና ብርዱን አመካኝቼ የጃኬቴን ኮፍያ ጆሮዬን እስኪሸፍን ደፋሁ።

ሞተሩ ተነሳ። ጨመርኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሞተሬን ፉጨት በደንብ ሰማሁት፤ በሶፍቱ አልፎ ጥርሴን አሳከከኝ። ሠላሳ ሺህ፣ አርባ፣ ሃምሳ። እየቀጠነ፣ እየጠራ ይወጣል። ስልሳ ሺህ ስደርስ አባቴ ፊቱ ጠቆረ፣ ጡጫው ወጣ።

ፉጨቱ ግን ጆሮዬ ውስጥ ነበር።

ዘጋሁ። «ያው ነው፣ እዚያችው ላይ ጠፋ» አለኝ። «አንዴ ልድገመው» አልኩት። በሁለተኛው ላይ ስክሪኑንም ሞተሩንም ትቼ የአባቴን ፊት ብቻ አየሁ። አንገቱን ወደ ሞተሩ አዘንብሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የሚወደውን ነገር እንደሚሰማ ሰው ሆኖ ቆሟል። ስልሳ ሺህ ላይ ዓይኑን ገለጠ፤ አንድ ነገር እንደ ወደቀበት ሰው ዙሪያውን አየ። ፉጨቱ በዚያች ቅጽበት እንደ መርፌ ቀጥኖ ወደ ላይ ይወጣ ነበር። ሞተሩ ምንም አልሆነም። ከመጀመሪያውም ምንም አልነበረበትም።

አዘንኩ ብዬ ብጽፍ ያምርብኝ ነበር። ቀድሞ የመጣው ግን ንዴት ነው። አራት ወር! ፓምፕ! ስድስት ሳምንት በሰው አገር! ሐዘኑ የመጣው ስንወርድ ነው፤ ጎኔ ተቀምጦ፣ ቀጥሎ የምንፈታው ዘንጉ የሚሽከረከርበትን ቤሪንግ እንደሆነ በጣቱ እየቆጠረ ሲያስረዳኝ። እኔ መንገዱን የማይ መሰልኩ።

ቤት ስንገባ እናቴን ጓዳ ውስጥ አግኝቼ በሹክሹክታ ነገርኳት። እጇን በፎጣ እየጠረገች እንደ ሞኝ አየችኝ።

«አሁን ነው የገባህ?»

«ታውቂ ነበር?»

«ሦስት ዓመት ሙሉ የምጮኸው ለጤናዬ መሰለህ?»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽውም?»

«እሱ ነግሮኛል እንዴ?»

ነገሩ ሁሉ ወለል ብሎ ታየኝ። የቴሌቪዥናችንን ዜና ቀበና ድረስ የሚሰማ አስመስለው ጎረቤቶች የሚቀልዱበት። አባቴ የዛሬ ሰው ያጉተመትማል እያለ የሚያማርረው። ሌላው ቀርቶ የንስሐ አባታችን ቀኖና ሲሰጡት ድምፃቸው ግቢው በር ይደርሳል፤ አባቴ ስንት ስግደት እንደተሰጠው ከእሱ እኩል ጎረቤት ያውቃል። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ ሰፈሩ በሙሉ ደግሞ ይሉኝታ ይዞት ዝም ብሏል። ያላወቅነው እኔና እሱ ብቻ ነን። እኔም አብሬው ስውል ያላወቅሁት፣ ደንቆሮ ሳይሆን እልኸኛ ነው ብዬ ስለደመደምኩ ነው።

«ቤሪንጉን ቀየርኩት በለው» አለች እናቴ። «ይፈርማል፣ ታበሩታላችሁ፣ አለቀ። ምን ይጎድልብሃል?»

ምንም አይጎድልብኝም ነበር። ሐሳቧ ጥሩ ነው ብዬ ሰርቪስ ቤት ገባሁ፤ ደብተሩን ገለጥኩ፤ የተወሰደ እርምጃ በሚለው ሥር «ቤ» ብዬ ጻፍኩና እጄ ቆመ። ለአባቴ በአፌ ብዙ ጊዜ ዋሽቼ አውቃለሁ፤ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ሲጋራ። በዚያ ደብተር ላይ ግን አልቻልኩም። «ቤ»ን በአንድ መስመር ሰረዝኳትና ከሥሯ ጻፍኩ፤ «ሞተሩ ጤነኛ ነው። ፉጨቱ እስከ መጨረሻው አለ። ያለ መከላከያ የሰማሁት እኔ ነኝ።» ጻፍኩና እንደ ፈሪ ወጥቼ ወደ ሱቅ ሄድኩ። የምገዛው ነገር አልነበረኝም፤ ክብሪት ገዝቼ ተመለስኩ።

ስገባ አባቴ ደብተሩን ይዞ ቆሟል።

«ይቺ ‹ቤ› ምንድን ናት?»

«ውሸት ልትሆን ነበር» አልኩት።

አንገቱን ነቀነቀ። ቀጥሎ የጠየቀኝ ነገር የባለሙያ ጥያቄ ነበር። «ስንት ላይ ነው እኔ የማጣው?»

«ስልሳ ሺህ አካባቢ።»

«አንተስ?»

«እኔ እስከ መጨረሻው እሰማዋለሁ አባዬ።» ከፍ አድርጌ ነው ያልኩት፤ እየጮህኩለት እንደሆነ ሁለታችንም አወቅን።

መነጽሩን አወለቀ፣ ደብተሩን ቦታው መለሰ፣ በረንዳ ላይ ወጣና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እሑድን ሙሉ ከዚያ አልተነሳም። እናቴ ምሳ ላቅርብ ብላ ስትጠይቀው አልሰማም፤ ወይም አልፈለገም። ቴሌቪዥኑን የከፈተው ሰው አልነበረም፤ ቤቱ ያን ያህል ፀጥ ሲል ምን ያህል እንደሚያስጠላ ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ሙያውን በአንድ መስመር ጽሑፍ የቀማሁት መሰለኝ። ሰኞ ለቢሮ ስነሳ እንኳ በረንዳውን ላለማየት በጓሮ በር ለመውጣት አስቤ ነበር።

አባቴ ግን ሰርቪስ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ነበር። ተላጭቷል፤ አገጩ ላይ የተቆረጠች ቦታ አለች። ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ እያየሁት፣ በዚያ ለቅጽ በሚጽፍበት ቀጥ ባለ ጽሕፈቱ ጉድለት በሚለው ሥር «የተቆጣጣሪው ጆሮ፤ ከስልሳ ሺህ ዙር በላይ አይሰማም» ብሎ ጻፈ። የተወሰደ እርምጃ በሚለው ሥር ደግሞ «ተቆጣጣሪው ተቀይሯል።»

ከዚያ እስክሪብቶውን ወደ እኔ ገፋው።

«ፈርም።»

«አባዬ፣ እኔ እኮ...»

«የሰማ ነው የሚፈርመው። የሰማኸው አንተ ነህ።»

ፈረምኩ። ስለቸኮልኩ ፊርማዬ ትል መስላ ወጣች። አባቴ አጎንብሶ አያትና «ይኼ ምንድን ነው? እንደ ሰው ፈርም እንጂ!» ብሎ ተቆጣኝ። በመቆጣቱ እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግራችሁ አልችልም።

የማብረሪያ ፈቃዱን ነገር እዚህ ብጀምረው ጄቱ ሳይነሳ ወረቀቱ ያልቃል፤ ተገኘ ብቻ ልበላችሁ። ያበረርነው ከእንጦጦ ጀርባ፣ ተሠርቶ ገና ለመኪና ባልተከፈተ አስፋልት ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ለመነሳት ካሰብነው በላይ አስፋልት በላ። ሮጠ፣ ሮጠ፣ አባቴ ክንዴን እየጨመቀ «ተነስ፣ ተነስ» ሲለው፣ መጨረሻው ላይ አፍንጫውን አነሳና ባህር ዛፎቹን አልፎ ወጣ። እናቴ ከፒክአፑ አጠገብ እልል አለች። የምሰማው እኔ ስለሆንኩ መከላከያዬን አንገቴ ላይ አውርጄዋለሁ። እኔ ዓይኔን ከሰማይ መንቀል አልችልም፤ ለአፍታ ከሳትኩት አለቀልን። አባቴ ትከሻዬ ሥር ተጠግቶ በዓይኑ ይከተለዋል።

«ፉጨቱ አለ?» አለኝ።

«አለ!»

«እንዴት ነው?»

እንዴት ብዬ ልንገረው? ቀጭን ነው ማለት ምን ይረባል? እጆቼ መቆጣጠሪያው ላይ ናቸው፤ ነፃ የሆነው አፌ ብቻ ነው። ስለዚህ አፏጨሁለት። እሱ በሚሰማው ልክ ዝቅ አድርጌ፣ ጄቱ ሲፈጥን ከፍ እያደረግሁ፣ ሲዞር ዝቅ እያደረግሁ አፏጨሁለት። አባቴ ጆሮውን አፌ ሥር ደቅኖ ያዳምጣል፤ ምራቄ እየረጨው ነው፤ ግድ አልሰጠውም። «እሺ» ይላል፤ «እሺ፣ ጥሩ ነው። አሁንስ?» ሁለት ጊዜ ፉጨቴ ከንፈሬ ደርቆ ሲቆራረጥ ደንግጦ «ምን ሆነ?» አለኝ። «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ!» አልኩት።

አስፋልቱ ላይ መልሼ አሳረፍኩት። ፊታችን ድረስ ተንከባሎ መጥቶ ቆመ፤ ሞተሩን ዘጋሁት። ተርባይን ሲዘጋ ወዲያው አይቆምም፤ ፉጨቱ እየወፈረ፣ እየወረደ፣ ረጅም ጊዜ ይወስዳል። ከእሱ ጋር እኩል ፉጨቴን አወረድኩለት፤ ትንፋሼ እስኪያልቅ፣ ድምፁ ከከንፈሬ ላይ እስኪጠፋ።

«ቆመ» አለ አባቴ።

ልክ ነበር።